ያላለቀው የሚቀመጥበት ቦታ

ሰው ሲደክመው ወይ ይተኛል ወይ ይቆጣል። ምላጭ ግን ሲደክማት የሰው ኮምፒውተር ትፈታለች። ስሙን ያወጡላት የጥገና ሱቅ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ። እሷም አልከፋትም፤ «ዶማ ከመባል ይሻላል» ብላ ተቀበለችው። ሙያውን ያስተማራት ሰው የለም። የተጣለ ማሽን ፈትታ፣ ገጥማ፣ አቃጥላ፣ እንደገና ፈትታ ነው የለመደችው። ስለዚህ ዲፕሎማ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ሲሳሳት ስታይ ከንፈሯ ሳታዝዘው ይሸሻል። እሷ ራሷ ስትሳሳትስ? እሷማ አትሳሳትም። ቢያንስ እስከዚያች ሰኞ ድረስ እንዲህ ነበር የምታስበው።

እናቷ ታይፒስት ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስትመታ ኖራለች፤ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ቀጥሎ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈች ጠረጴዛ ላይ። ኮምፒውተሩም እንደ ጠረጴዛዋ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሲስተም አርጅቶ፣ ጠዋት ተጭኖ እስኪነሳ ድረስ እናቷ ፊቷን ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ፣ ዕቃ አጥባ ትመለሳለች። ሥራ መሀል ቀጥ ይላል። በቅርቡ ደግሞ «ጊዜዬ አልፏል፣ አዲስ ማሽን ይግዙ» የሚል ማስታወቂያ በየሰዓቱ ያወጣ ጀመር።

«እኔንም ጊዜሽ አልፏል ብለው ነው ያሰናበቱኝ» አለች እናቷ። «እነሱ ግን አንዴ ነግረውኝ ዝም አሉ። ይሄኛው አይታክተውም።»

«አውጥቼ እጥለዋለሁ። ሌላ ሲስተም አለ፣ የዚህ ባላንጣ። ነፃ ነው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ማሽን ላይ እንኳ እንደ ፌንጣ ነው የሚዘለው።»

«ቀለም ልትቀቢው ነው ወይስ ቤቱን ልታፈርሺው?»

«ላፈርሰው።»

«ዕቃዬስ?»

«ዕቃሽን መጀመሪያ አወጣልሻለሁ። እማዬ፣ እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ?»

«ልጄ አድርጌ» አለች እናቷ፤ ይህ ምስጋና ይሁን ስጋት ሳይለይ።

ሥራው የተሠራው እሑድ ነው። ምላጭ ስድስት ቀን ሱቅ ውስጥ አጎንብሳ፣ በሰባተኛው ቀን ወገቧ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየጮኸ ተቀመጠች። እናቷ የታመመች ጓደኛዋን ልትጠይቅ ወጥታለች፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማሽኑ እያቃሰተ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ያው የቤተሰብ ፎቶ መጣ። ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት የተነሱት ነው። አባቷ መሀል ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር በመሆኑ በወር አንድ ሳምንት ብቻ ቤት ስለሚገኝ፣ «አባትሽ ሁልጊዜ የሚገኘው እዚህ ፎቶ ላይ ነው» ትላለች እናቷ። ጎኑ እህቱ አለች፣ የምላጭ አክስት፣ ከንፈሯን እንደ ቦርሳ አፍ የቋጠረች። አጎቷ አለ፣ እናቷ አለች፣ እናቷ ጭን ላይ ደግሞ ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ጉንጫም ሕፃን አለች፤ የዛሬዋ ምላጭ።

ሰዎቹ ግን በቅጡ አይታዩም። ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ፋይል ሰፍሮባቸዋል። «ሰነድ 1»፣ «ሰነድ 2»፣ «ሰነድ 77»... ማሽኑ የሰጣቸውን ስም እንደያዙ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«ዝንብ የወረረው ገበያ» አለች ምላጭ ለራሷ፤ ሁሉንም ጠቅልላ ፍላሽ ላይ ገለበጠች።

አንድ ፎልደር ብቻ ቀረ። ሕፃኗ ፊት ላይ ተለጥፏል፤ ስሙ «ሚጢጢ» ይላል። ሚጢጢ የሷ የቤት ስም ነው፤ ሱቅ ውስጥ ማንም እንዲያውቀው የማትፈልገው። ፎልደሩንም ታውቀዋለች፤ የፈጠረችው ራሷ ናት። ዘጠነኛ ክፍል እያለች፣ «እማዬ ፎልደር ማለት እንዲህ ነው፣ እዚህ ትጫኚያለሽ፣ ስም ትጽፊያለሽ» ብላ ለማስተማር የከፈተችው ነው። እናቷ ሌላ መክፈት አልለመደችም፤ ምላጭ ግን የራሷን የቤት ሥራዎችና ለማንም ያላሳየቻቸውን ሦስት ግጥሞች ከታበት ነበር። አንዱ ግጥም «ልቤ እንደ ኩራዝ» ብሎ እንደሚጀምር ትዝ አላትና ብቻዋን ተቀምጣ ጆሮዋ ጋለ። ሳትከፍተው አለፈችው። እንዲህ ያለ ነገር ከነማስረጃው ቢጠፋ ለሀገር ይጠቅማል።

ከዚያ አፈረሰች። ግማሽ ሥራ አትወድም፤ ላይ ላዩን መጥረግ ቆሻሻን አልጋ ሥር መደበቅ ነው ባይ ናት። ስለዚህ ዲስኩን ከጥግ እስከ ጥግ፣ ሁለት ዙር፣ ባዶ እስኪሆን አስጠረገችው። አዲሱን ሲስተም ጫነች፣ ማተሚያውን አገናኘች፣ አንድ ገጽ አትማ ሞከረች። እናቷ እንግድነት እንዳይሰማት ያንኑ ፎቶ ጀርባው ላይ መለሰችላት። ፋይሎቹን በግራ በኩል ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራት በቁጥር ደረደረች። ስትጨርስ ፀሐይዋ መስኮቱን ለቃ ሄዳለች።

እናቷ ገብታ አየችው። ማሽኑ አንድ ትንፋሽ ሳይሞላ ተነሳ።

«ፈጠነ» አለች።

«ነግሬሽ የለ?»

እናቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «አባትሽ ሸሚዙ ባለመስመር ነበር እንዴ? ረስቼው።»

ምላጭ ምን ማለቷ እንደሆነ ልትጠይቅ አሰበች። ግን ደክሟት ነበር። እናቷም ከበሽተኛ ቤት የተመለሰ ሰው ድካም ይዟታል። ሁለቱም ነገ ይሁን ብለው ተዉት።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሁለቱም እጆቿ በተፈታ ማሽን ሆድ ውስጥ ስለነበሩ በክርኗ ተጫነችው፤ የእናቷ ድምፅ ለሱቁ ሁሉ ተሰማ።

«ሚጢጢ፣ አባትሽ ደረት ላይ የነበረው የት ሄደ?»

ከሱቁ ጥግ አንዱ «ሚጢጢ!» አለ፣ እንደ ጸሎት ቀስ ብሎ።

«ሁሉም አለ እማዬ። በግራ በኩል ተሰልፏል።»

«መሰለፉንማ አይቻለሁ፤ እንደ ወታደር። ማን ማን እንደሆነ በምን ልወቀው?»

«ከፍተሽ እዪዋ።»

«ሁለት መቶውን? ለዘጠኝ ሰዓት?»

በእናቷ ድምፅ ውስጥ ጩኸት የለም፤ ያስፈራት እሱ ነው። መፍቻውን አስቀምጣ ቤት ሄደች።

ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ነው። እናቷ ለፋይል ስም አትሰጥም፤ ቦታ ነው የምትሰጠው። የጠበቃው ቢሮ ሥራ አባቷ ደረት ላይ ይቀመጣል፣ «ሰፊ ስለሆነ።» የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አጎቷ ትከሻ ላይ። ተሠርቶ ለባለቤቱ የተሰጠ ጫማዎቹ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ። የሚነታረኩ ደንበኞች ደግሞ አክስቷ ላይ።

«ለምን እሷ ላይ?»

«እዚያ ይስማማሉ።»

ምላጭ ስቃ ተቀመጠች። ይህንን የመሰለ ጣጣ ለሷ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። እናቷ የምትፈልገው የአንድ ወንድምና እህት ውል መሆኑን ሰምታ መፈለጊያው ላይ «ወንድምና እህት» ብላ ጻፈች፤ ስምንት ፋይል ብቅ አለ። «ይኸውልሽ! ለዚህ ነው አስጨንቀሽ ከሥራ የጠራሽኝ?»

እናቷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ረቡዕ የሰጠሁት ነው። የቅዳሜው የለም።»

የቅዳሜው ምን እንደሆነ ምላጭ የሰማችው ያኔ ነው። የወላጆቻቸውን ቤት ለመካፈል ዓመት ሙሉ የተካሰሱ ወንድምና እህት አሉ። ጠበቃው እንደ ምንም አግባብተው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊያስቀምጧቸው ነው። ቅዳሜ ለእናቷ ደውለው አሥራ ሰባት እርማት በቃላቸው ነገሯት፤ እሷም እየሰማች እዚያው ውሉ ላይ አስገባች። ጠበቃው ባለፈው ወር «አሁን እኮ ሁሉም ቢሮ የራሱ ጸሐፊ አለው። እኔ እርስዎ ጋ የምልከው አንድ ቀን አርፍደው ስለማያውቁ ብቻ ነው» ብለዋታል። ሌሎቹ ደንበኞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ በየሳምንቱ ሥራ የሚልክላት ይህ ቢሮ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ ሳሎኑ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ የአበባ ማስቀመጫ ትሆናለች።

«እርማቱን ወረቀት ላይ አልጻፍሽውም?»

«እኔ በጣቴ ነው የምሰማው። ከጣቴ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ እኔ ጋ አይቀርም።»

«እሺ፣ የት አስቀመጥሽው? አባዬ ላይ?»

«አይ። አንዲት ነገር ቀርታው ነበር፣ የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ እንደሚሆን። ጠበቃው ሰኞ እነግርዎታለሁ አሉ። ስላላለቀ አንቺ ውስጥ ከተትኩት።»

«እኔ ውስጥ?»

«ሚጢጢ ውስጥ። ያላለቀ ነገር ሁልጊዜ እዚያ ነው የማኖረው።»

ምላጭ ወደ ኪቦርዱ ጠጋ ብላ መሥራት ጀመረች። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም አወረደች፣ አስነሳች፣ ዲስኩን አስቆፈረች። ሱቅ ውስጥ እያለቀሱ ለሚመጡ ደንበኞች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምትል እሷ ነበረች። ፕሮግራሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆፍሮ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ እያለ ተመለሰ። ሁለት ዙር ያስጠረገው ማን ሆነና። እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ የሚያጠፋ ሰው በከተማው ውስጥ ከተገኘ እሷ ናት፤ ለዚህም ደንበኛ ያመሰግናታል።

እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። «ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች።

የማምለጫ በር ተከፈተላት። «አዎ፣ ዲስኩ ነው የበላው» ቢባል የሚጠይቅ የለም። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ እናቷ ታምናለች፣ ጠበቃውም ያምናሉ፣ ሱቁም ቢሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። ምላጭ ቃሉን ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችው። የሰው ጥፋት ለመቁረጥ ያን ያህል ስለት የነበረው ምላስ፣ የራሷን ሲያገኝ እንደ ጨርቅ ዶለዶመ።

«ዲስኩ ምንም አልሆነም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ። የዘጠነኛ ክፍል ኮተቴ መስሎኝ ሳልከፍተው ጠረግሁት።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ የአፍንጫዋን ሁለት ቀይ ምልክቶች አሻሸች። «የቸኮለች...» ብላ ጀመረችና ተረቱን ሳትጨርስ ተወችው። አፍሳ መልቀሟን ምላጭ ራሷ ጨረሰችው፣ በልቧ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ተኩል።»

«ደውዪላቸው።»

«እኔ? ደንበኛሽ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ሠላሳ ዓመት አርፍጄ አላውቅም። እንዲህ ላለው ነገር እንዴት ተብሎ እንደሚደወል አልተማርኩም።»

ምላጭ ደወለች። ጠበቃው አንስተው አፋቸው ውስጥ ምግብ እንዳለ «አቤት» አሉ። እሷም ስለ አሮጌው ሲስተም፣ ስለ አዲሱ፣ ስለ ዲስክ፣ ስለ ደህንነት አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ማብራራት ጀመረች።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጠበቃው። «እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። ውሉ አለ ወይስ የለም?»

«የረቡዑ አለ። የቅዳሜው የለም።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«እናትሽ አይደሉም?»

«እሳቸው በቦታው ነበር ያስቀመጡት። ቦታውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ቀጥሎ የሰሃን ድምፅ። «አሥራ ሰባቱንም ማስታወሴን እንጃ። ከአፌ እንደመጣልኝ ነበር የነገርኳቸው። በይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊው።»

እናቷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ምላጭ ስልኩን ጆሮዋ አጠገብ ይዛ ቆመች። ጠበቃው ይናገራሉ፣ ይመለሳሉ፣ «አይ፣ ይሰርዙት» ይላሉ፤ ጣቶቹ ይከተላሉ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው። ምላጭ ይህን እጅ ዕድሜ ልኳን አይታዋለች፤ ግን የዝናብ ድምፅ ሆኖባት ሰምታው አታውቅም ነበር። ማሽኑ አንዴም ቀጥ አላለም። ማንም ግን ስለዚህ ነገር ቃል አልተናገረም፤ እሷም ለማንሳት አልደፈረችም።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ጠበቃው ተደናቀፉ። «ስለ አጥሩ አንድ ነገር ብዬ ነበር። ምን ነበር ያልኩት?»

ስልኩን የያዘው የምላጭ ክንድ ከትከሻዋ ሊገነጠል ደርሷል። የእናቷ ጣቶች ብቻቸውን ተንቀሳቀሱ፤ ሁለት ቃል መቱ፣ ቆሙ፣ አንዱን አጠፉ፣ እንደገና መቱ።

«‹አጥሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ› ነው ያሉት ጌታዬ» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «መጀመሪያ ‹ከመሠራቱ በፊት› ብለው ነበር፤ ከዚያ ሳቁና ቀየሩት።»

«ስቄ ነበር?»

«‹ከመሠራቱ በፊትማ ይገዳደላሉ› ብለው።»

ጠበቃው እንደገና ሳቁ፤ ከሳቁም ጋር አሥራ ሦስተኛው መጣላቸው። እኔ ጋ አይቀርም ያለችው ሴትዮ ከቀሩት ውስጥ ሦስቱን ከጣቷ እያወጣች ሰጠቻቸው። በመጨረሻም ያቺ የቀረችው ነገር ተነሳች።

«ቁልፉስ ጌታዬ?»

«ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ። ለምን እስካሁን እንዳልታሰበኝ እንጃ። ደክሞኝ ይሆናል።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው ተላላኪ ደረሰ፤ ጡረታው የቀረበ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ። ጠበቃው ወረቀት በእጃቸው ካልያዙ ነገሩ የተጻፈ አይመስላቸውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚልኩት። ሁልጊዜም ፖስታው ተዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ይጠብቀዋል። ዛሬ የለም።

«እትዬ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» አለ።

«ደህና ነኝ ወንድሜ። ቁጭ ይበሉ።»

«ቁጭ?» አለ ግራ ገብቶት። በዚህ ቤት ወንበር ቀርቦለት አያውቅም ነበር።

እናቷ መጨረሻ ላይ አንዴ አንብባ ሁለት ስሕተት አረመች። ማተሚያው እየጮኸ አሥራ አንዱን ገጽ ተፋ። ተላላኪው ሲወጣ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ነበር፤ ቢሮው ደግሞ በሱ ጉልበት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

«ይስጡኝ ጋሼ፣ እኔ ልሩጥ» አለች ምላጭ።

«የተላክሁት እኔ ነኝ» አለ ኮራ ብሎ፤ እያነከሰ ሄደ።

እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ምላጭ ክንዷን እያሻሸች ሰዓቱን ታያለች። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ድምፅ የለውም። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ስትፈልግ ጥርሷ ውስጥ አገኘችው፣ ግን አልወጣ አለ። ተነሥታ ለእናቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣችላት። እናቷ ተቀብላ ጠጣች።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቷ ራሷ አነሳችው።

«ሃያ ደቂቃ ጠበቁ» አሉ ጠበቃው። «በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተጣሉ፣ ተኮራረፉ፣ ሁለቱም በእኔ መዘግየት ተናደው አንድ ላይ ሰደቡኝ። በዓመት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ፈርመዋል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ።»

«ሐሙስ አንድ ውል አለኝ። ልላከው ወይስ ልጅዎ ሌላ የምታፈርሰው ቀርቷታል?»

እናቷ ወደ ምላጭ አየች። «ቀርቷታል። ግን ጠይቃ ነው የምታፈርሰው» አለች፤ ስልኩንም ዘጋች።

ማውዙን ያዘችና የዛሬውን ውል ከሰልፉ ጎትታ የምላጭ አባት ጫማ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ አየችው። ከዚያ «ያቺን ክፈቺልኝ» አለች።

«የቷን?»

«ፎልደሯን።»

«ራስሽ ክፈቺያት። እዚህ ትጫኚያለሽ፣ ስም ትጽፊያለሽ።» ድምፅዋ ከዘጠነኛ ክፍሉ ለስለስ ያለ ነበር። «ብቻ ሌላ ስም ስጪያት እማዬ። ‹ያላለቀ› በያት፣ ማንም የሚገባው ስም።»

እናቷ ተጫነች። ጣቶቿ ሳያመነቱ «ሚጢጢ» ብለው ጻፉ፤ ፎልደሯንም ጎትታ ጉንጫሟ ሕፃን ፊት ላይ ለጠፈቻት።

«ለምንድን ነው ግን እኔ ላይ?»

«አንቺም አላለቅሽማ» አለች እናቷ።

ምላጭ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። በሌላ ቀን ቢሆን የሚቆርጥ ነገር አይጠፋትም ነበር። ወንበሯን አስጠግታ ማውዙን ተቀበለቻትና ከሰልፉ ጫፍ ጀመረች። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቀርቷል።

«ሰነድ አንድ» አለች፣ ከፍታ የመጀመሪያውን መስመር አነበበችላት። እናቷ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«አጎትሽ ትከሻ። ግራው።»

«ሰነድ ሁለት።»

«አክስትሽ።»

«ሰነድ ሦስት።»

«አክስትሽ።»

«ሰነድ አራት።»

«እሱም አክስትሽ።»

«ሞልታለች እማዬ፣ ቦታ የላትም።»

«ትችለዋለች» አለች እናቷ እያዛጋች። «አፏ ላይ አድርጊው።»